ገመናን ስለ መሸፈንና ሕፃናትን ስለ መጠበቅ

ስለዚህ ነገር መጻፍ ያሳፍራል። ነገር ግን የእኛ እፍረት ለሕፃናት መከራ ሆኖ ስለ ተገኘ ዝም ማለት አይገባም።

በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 13 እንደምናነበው፥ አምኖን ታምሜአለሁ ብሎ እኅቱን ትዕማርን አስጠርቶ በግድ አስነወራት። እርስዋም በራስዋ ላይ አመድ ነስንሳ፥ ልብስዋን ቀድዳ፥ እየጮኸች ሄደች። አቤሴሎም ግን የደፈራት ወንድምዋ ስለ ሆነ ዝም እንድትል መከራት። ንጉሥ ዳዊትም ሰምቶ ተቈጣ፤ ነገር ግን አልፈረደም። ከዚህ ዝምታ ምን ተገኘ? ትዕማር በወንድምዋ ቤት ብቸኛ ሆና ቀረች፤ ከሁለት ዓመት በኋላም አቤሴሎም አምኖንን አስገደለው። የተሸፈነው ቍስል መግል ያዘ እንጂ አልዳነም።

በእኛም ዘንድ ይህ ልማድ አለ። ልጅ በዘመድ ወይም በመንፈሳዊ አስተማሪ እጅ በተነወረ ጊዜ ሽማግሎች ይሰበሰባሉ፤ ገመና ይሸፈን፥ የቤተ ክርስቲያን ስም አይጕደፍ ይላሉ፤ በዳዩንም ይቅርታ አስጠይቀው ያሰናብታሉ። እኔም ከእንደነዚህ ሽማግሎች ጋራ ተቀምጬ እንዲሁ መክሬአለሁ። በዚያ ቀን ስለ ሰውዬው ክብር ብዙ ስንነጋገር፥ ስለ ልጅቱ ሥቃይ የጠየቀ ከመካከላችን አልነበረም። ይህ ኀጢአቴ ነው፤ እናንተ እንዳትደግሙት እናገረዋለሁ። ሐዋርያው ጴጥሮስ ፍቅር ኀጢአትን እንደሚሸፍን መጻፉን ለዚህ የሚጠቅሱ ይሳሳታሉ፤ ሌላ ሰው የሕፃንን በደል ሊሸፍን ሥልጣን አልተሰጠውምና።

ይህ የአገራችን ነውር ብቻ አይደለም። ጆን ስማይዝ የሚባል እንግሊዛዊ ጠበቃ በክርስቲያን ልጆች መካከል እያገለገለ ብዙዎችን አሠቃየ። እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1982 ዓ.ም. ሥራው ለመሪዎች በጽሑፍ ቢገለጥም ለፖሊስ አልነገሩም። በ1984 ወደ ዚምባብዌ ሄደ፤ በዚያም የአፍሪካን ልጆች በደለ፤ ፍርዱንም ሳይቀበል በ2018 ሞተ። በ2024 የምርመራው መዝገብ ሲወጣ የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጀስቲን ዌልቢ ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ። እንግዲህ በአንድ አገር የተሸፈነው ኀጢአት በሌላ አገር ልጆች ላይ እንደ ወደቀ አስተውሉ።

ስለዚህ ማንም ሰው፥ ሰባኪም ቢሆን፥ ከልጅ ጋራ በዝግ ቤት ብቻውን አይሁን። አዲስ አገልጋይ ሲመጣ ጠባዩ ከቀድሞ ማኅበሩ ይጠየቅ። ልጅ፥ ወንድም ሆነ ሴት፥ በደሉን ሲነግራችሁ ሳትቈጡ ስሙት፤ ጥፋቱ የእርሱ እንዳይደለ ንገሩት፤ በየሽማግሌው ፊት እንዲደጋግመው፥ ከበዳዩም ጋራ እንዲታረቅ አታስገድዱት። ልብሱን ሳታጥቡ ፈጥናችሁ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት፤ የኤች አይ ቪ መከላከያው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበትና። ለፖሊስም አመልክቱ፤ የ1996 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 626 እና 627 ይህን ሥራ በጽኑ እስራት ይቀጣል። በዳዩ ንስሓ ቢገባ እግዚአብሔር መሓሪ ነው፤ ነገር ግን ቅጣቱን ይቀበል፥ ወደ ልጆችም አገልግሎት ከቶ አይመለስ።

የተጐዳውንም ልጅ እንደ ትዕማር ብቻውን አትተዉት። ሐሜትን ከእርሱ አርቁ፤ በትምህርቱ እርዱት፤ ሌሎች ሲረሱት እናንተ በዓመቱም ጠይቁት።

አንተም፥ አንቺም፥ ይህን ሸክም በስውር የተሸከማችሁ ሆይ፤ ነውሩ የበደላችሁ ሰው ነው እንጂ የእናንተ አይደለም። ታናናሾችን ከሚያሰናክል ይልቅ የወፍጮ ድንጋይ በአንገቱ ታስሮ ባሕር ለሰጠመ እንደሚሻለው ያስተማረ ጌታ ከእናንተ ጋራ ይቆማል። አሜን።