ስለ ቬኑስ ምስልና ስለ ባለቤቲቱ

ሰው የማያመልከውን የጣዖት ምስል ለቤቱ ጌጥ አድርጎ ቢያቆም ጣዖት አምላኪ ይባላልን? ይህን ጥያቄ የሚያነሣብን በፈረንሳይ አገር ከዕብነ በረድ ተጠርቦ በጠረጴዛ ላይ የሚቆም ትንሽ የቬኑስ ምስል ነው። ቬኑስ የጥንት ሮማውያን ያመለኳት አምላክት ስትሆን፥ ይህ ምስል ግን የተሠራው ለመቅደስ ሳይሆን የጥበብ ሥራ ለሚሰበስቡ ባለጸጎች ነው። ዕጣንም መሥዋዕትም አይቀርብለትም፤ አቧራው ብቻ ይጠረግለታል።

ከእንዲህ ያሉት ትንንሽ ምስሎች አንዳንዶቹ የተቀዱት አሌግሬን የተባለ የፓሪስ ጠራቢ ከሠራት ከታላቂቱ ቬኑስ ነው። እርስዋም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1767 ዓ.ም. ለሕዝብ ታየች። በ1772 ንጉሥ ሉዊ 15ኛ ለዕቁባቱ ለማዳም ዱ ባሪ ሰጣት፥ ሴቲቱም በሉቭስየን ባለው ግቢዋ አኖረቻት።

ማዳም ዱ ባሪ ለዚህች ድንጋይ ሰገደች የሚል የለም። ነገር ግን በ1791 ሌቦች ዕንቍዋን ሰርቀው ወደ ሎንዶን ባሻገሩት ጊዜ፥ ሕዝቡ በንጉሡ ላይ ተነሥቶ አገሩ ሲናወጥ ሳለ፥ እርስዋ ሀብትዋን ለማስመለስ ባሕር እየተሻገረች ደጋግማ ተመላለሰች። ይህም መመላለስ ከተሰደዱት መኳንንት ጋር ተባብራለች ለሚል ክስ ምክንያት ሆነባትና በ1793 አንገትዋ ተቈረጠ።

እንግዲህ ጣዖቱ የትኛው ነበር? ቬኑስ ከእመቤትዋ ምንም አልጠየቀችም፤ ዕንቍው ግን ነፍስዋን አስከፈላት። የተሰረቀ ገንዘቡን የሚፈልግ ሁሉ ጣዖት አምላኪ ነውን የሚል ሰው ቢነሣ፥ ንግግሩ እውነት አለበት፤ የራስን መፈለግ ነውር አይደለምና። ዳሩ ግን ሰው የጠፋውን ዕቃ ለማግኘት ራሱን ለሞት እስከ መስጠት ከደረሰ፥ ከሁለቱ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ መጠየቅ የሚገባ ይመስለኛል።

ያች ቬኑስ ለመንግሥት ተወርሳ ዛሬ በፓሪስ በሉቭር ቤተ መዘክር ትገኛለች። መንገደኛውም የከተማው ሰውም ያያታል፥ የእኔ ናት ብሎ ወደ ቤቱ የሚወስዳት ግን የለም።

ስለዚህ የትንሹ ምስል ባለቤት ድንጋዩን ከመመርመሩ አስቀድሞ ልቡን ይመርምር። ምስሉ ነገ ወድቆ ቢሰበር ወይም ሌባ ቢወስደው ኀዘኑ እስከ ምን ይደርሳል? በቤቱ ያቆመው ጌጥ ወይም ጣዖት መሆኑን የሚያውቀው በዚህ ነው።