መጀመሪያ እናቱን ፈልግ

ልጄ፣ ካርቶኑን እዚህ ጥላው ውስጥ አስቀምጠውና ክዳኑን ገርበብ አድርገው። ደግ ልሥራ ብለህ እንዳመጣኸው አውቃለሁ። በዚህ ዕድሜህ ለወደቀ ወፍ ጎንበስ ማለትህም ደስ ብሎኛል። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፤ እናቱን አይተሃታል? ሞታ አግኝተሃታል? መሬት ላይ ለብቻው ስላየኸው ብቻ ወላጅ የሌለው መስሎህ ከሆነ፣ ወላጅ አልባ ያደረግኸው አንተ ልትሆን ትችላለህ።

አበው «አትሩጥ፣ አንጋጥ» ይላሉ። እነሱ ያሉት ስለ ፈጣሪ ነው፤ ጫጩት ወድቆ ላገኘ ሰው ግን ምክሩ እንዳለ ይሠራል። ቀና በልና ዛፉን፣ የጣሪያውን ክፈፍ፣ የአጥሩን ጽድ እይ። ጎጆው ከራስህ በላይ ሊሆን ይችላል። እናቲቱም ሽቦ ላይ ተቀምጣ አንተ እስክትሄድላት ትጠብቅ ይሆናል።

ቀጥሎ ጫጩቱን ተመልከተው። ላባ ካወጣ፣ ዓይኑ ከተገለጠ፣ ጭራው አጭር ሆኖ ፈንጠር ፈንጠር የሚልና እጅህን ሲያይ የሚሸሽ ከሆነ አልወደቀም፤ ጊዜው ደርሶ ከጎጆ ወጥቷል። ብዙዎቹ ትንንሽ ወፎች ጎጆ የሚለቁት መብረሩን በደንብ ሳይችሉበት ነው። ጥቂት ቀናት ከቁጥቋጦ ቁጥቋጦ እየተሹለከለኩ ክንፋቸውን ያጠነክራሉ፤ እናትና አባት እየተመላለሱ ያጎርሷቸዋል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ ይኸኛው ደግሞ መሄድ ጀምሯል። እንዲህ ያለውን አንስቶ ቤት ማስገባት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። መኪና ወይም ድመት የሚያሰጋው ከሆነ አንስተህ አጠገቡ ያለ ቁጥቋጦ ውስጥ አስገባውና ራቅ ብለህ ቁም። የቤታችሁንም ድመት ጥቂት ቀን ዝጉባት፤ ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳም፣ ጠግባለች ብለህ አትመናት። የድመት ጥርስ ወይም ጥፍር ያገኘው ወፍ ደህና ቢመስልህም ቁስሉ ይመርዘዋልና ያለ መድኃኒት በጥቂት ቀን ውስጥ ይሞታል። እሱን ለእንስሳት ሐኪም ማሳየት ነው።

የቆቅና የጅግራ ጫጩት ደግሞ ሌላ ነው። ከእንቁላሉ ወጥቶ ሲደርቅ ወዲያው በእግሩ እናቱን ይከተላል። ሰው ሲመጣ እሱ ሣር ውስጥ ልጥፍ ይላል፣ እሷ ሸሽታ ትርቃለች፤ ኮቴው ሲጠፋ ተመልሳ ትጠራዋለች። ገጠር ስትሄድ እንዲህ ያለ ካየህ እንዳላየ እለፍ።

ላባ ያላወጣ፣ ዓይኑ ያልተገለጠ ከሆነ ግን በእርግጥ ወድቋል። የእሱም መድኃኒት ጎጆው ነው፤ መልሰው። «የሰው እጅ የነካውን እናቱ አትቀበልም» ሲባል ሰምተህ ይሆናል። እኔም ሽማግሌ ነኝና ሽማግሌን ማረም አልወድም፤ ይህ ግን እውነት አይደለም። ወፍ ልጇ የሰው ጠረን ነካው ብላ አትጥለውም። የሚያስሸሻት ጎጆዋ አጠገብ መመላለስህ፣ ቅርንጫፉን መነቅነቅህ፣ ፎቶ ላንሳ ብለህ መቆምህ ነው።

ጎጆው ከፈረሰ ሌላ ሥራለት። የዋኖስን ጎጆ አይተኸው ታውቅ እንደሆነ ጥቂት ጭራሮ ተደራርቦ ነው፤ ከታች ሆነህ እንቁላሉን በቀዳዳው ታየዋለህ። የክረምት ነፋስ ሲነሳ ይበተናል። ትንሽ ቅርጫት ወይም ሥሩን በሚስማር የበሳሳኸው የማርጋሪን ዕቃ ፈልግ፣ ደረቅ ሣር ጎዝጉዝበት፣ የመጀመሪያው ጎጆ ከነበረበት ቅርንጫፍ ላይ በሲባጎ አጥብቀህ እሰረው። ጫጩቱን አስገብተህ ወደ ቤትህ ግባና በመስኮት ጠብቅ። አንድ ሁለት ሰዓት ታገሥ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነውና እናቲቱ ሳትመጣ በየአምስት ደቂቃው እየወጣህ አትይ፤ እሷን የምታስፈራት አንተ ነህ።

አሁን ይህ ሁሉ ሆኖ እናቲቱ ካልመጣች ወይም ሞታ ካገኘሃት፣ ያኔ ነው ወላጅ አልባ የሚባለው። ያኔም ቢሆን ወደ ምግብ አትሩጥ፤ መጀመሪያ አሙቀው። የወፍ የሰውነት ሙቀት ከእኛ ይበልጣል፣ 40 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ላባ ያላወጣ ጫጩት ደግሞ ራሱን ማሞቅ አይችልም። የቀዘቀዘ ጫጩት ሆዱ ምግብ አይፈጭም። እሱን ማጉረስ ባልሞቀ ምጣድ ላይ ሊጥ እንደማፍሰስ ነው። ባዶ ሃይላንድ ሙቅ ውሃ ሞልተህ በጨርቅ ጠቅልልና በካርቶኑ በአንድ በኩል አስቀምጥ፤ ሲሞቀው ወደ ሌላው በኩል እንዲሸሽ ቦታ ተውለት። ሥሩ ሶፍት አንጥፍ። ክሩ የሚመዘዝ ጨርቅና ጥጥ እግሩን ይጠልፉታል። የሽቦ ቀፎም አይሆንም፣ ላባውን ይሰባብረዋል።

ውሃ ጠብ አታድርግበት። ይህን አጥብቄ የምነግርህ ብዙ ደግ ሰው ጫጩት የገደለው በዚህ ስለሆነ ነው። የወፍ የአየር ቧንቧ አፉ ውስጥ ከምላሱ ሥር ክፍት ሆኖ ይታያል፤ የምታንጠባጥበው ውሃ ሳንባው ውስጥ ይገባና ያፍነዋል። በቂ እርጥበት ከምግቡ ያገኛል። የላም ወተትም አትስጠው፤ ወፍ የወተትን ስኳር መፍጨት አይችልም። እንጀራና ዳቦ ሆዱን ይሞሉታል እንጂ አያሳድጉትም።

እንግዲህ ምን ይብላ ትለኛለህ። ዓይነቱን ማወቅ አለብህ። ድንቢጥ ሲያድግ እህል ለቃሚ ነው፣ ጎጆ ውስጥ ሳለ ግን እናቱ የምታመጣለት ነፍሳት ነው። ፌንጣ እግሩን ቆርጠህ፣ ምስጥ፣ ትል፣ ካጣህም የተቀቀለ እንቁላል ፈርፍረህ ጫፉ በደነበዘ ስንጥር አጉርሰው። አፉን ከፍቶ ሲለምንህ ብቻ ስጠው፤ ምንቃሩን በግድ አትፈልቅቅ። ላባ ያላወጣው ከንጋት እስከ ምሽት በየሃያ፣ በየሠላሳ ደቂቃው ይበላል። ሌሊት ይተኛል፣ አንተም ተኛ። ትምህርት ቤት የምትውል ከሆነ ይህን ማን እንደሚያደርግልህ ከአሁኑ አስብ። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚባለው ሊጡ ስለከፋ አይደለም፤ የጀመረውን ትቶ ለጨዋታ ስለሚሮጥ ነው።

ዋኖስና ርግብ ከባዶች ናቸው። እነሱ አፋቸውን አይከፍቱልህም፤ ምንቃራቸውን እናትና አባታቸው ጉሮሮ ውስጥ ከትተው ነው የሚመገቡት። በመጀመሪያዎቹ ቀናት የሚያገኙት በወላጆቹ ጉሮሮ ሥር ካለው የምግብ ከረጢት የሚወጣ እርጎ መሳይ ነገር ነው። አባትየውም ይህን ያመነጫል፤ እኛ ወንዶች በዚህ አንመካም። ይህን ቤት ውስጥ አስመስሎ ማዘጋጀት ለባለሙያም ከባድ ነው። ስለዚህ የዋኖስ ጫጩት ካገኘህ፣ ከሁሉም ይልቅ እሱን ወደ ጎጆው ለመመለስ ድከም።

ጫጩቱ በእጅህ አድጎ ላባ ሲያወጣ ሌላው ፈተና ይመጣል፤ መውደድ። ስም ታወጣለታለህ፣ ትከሻህ ላይ ይቀመጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ኮንራድ ሎሬንዝ የሚባል ኦስትሪያዊ ሊቅ ከእንቁላል ሲወጡ መጀመሪያ እሱን ያዩ የዝይ ጫጩቶች እናታችን ብለው በየሄደበት ይከተሉት እንደነበር ለዓለም አሳየ፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘ። ሰው ይስቅበታል እንጂ ለወፉ ይህ ጉዳት ነው። ሰውን የለመደ ወፍ ወንጭፍ የያዘውንም ልጅ አይሸሽም። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል፤ ብዙ ዘማሪ ወፎች ዜማቸውን የሚማሩት ከታላላቆቻቸው ነው። ስለዚህ አጉርሰውና ተወው። አታጫውተው፣ አታነጋግረው፣ ካርቶኑን የወገኖቹ ድምፅ ከሚሰማበት መስኮት አጠገብ አድርገው።

በራሱ መልቀም ሲጀምርና ከወንበር ወንበር መብረር ሲችል፣ ዝናብ በሌለበት ማለዳ መሰሎቹ ባሉበት ቦታ ልቀቀው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ አንተ ሁለቱንም አትሁን። ለጥቂት ቀን ምግብ እዚያው አስቀምጥለት፣ ይመለስ ይሆናል። የዱር እንስሳትን ነገር የሚገዛው ሕግም ያለ ፈቃድ እነሱን እንደ ዶሮ ቤት አስሮ ማኖርን አይፈቅድም፤ የምትጠይቀው ጉዳይ ካለህ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን አለ።

ሃይማኖታችንም ቢሆን በዚህ ነገር ዝም አላለም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ላይ፣ እናት ወፍ ልጆቿን ታቅፋ ብታገኛት እሷን ከነልጆቿ እንዳትወስድ ታዟል። እስላም ወንድሞቻችን ደግሞ በሐዲሳቸው የሚተርኩት አለ፤ የነቢዩ ተከታዮች በመንገድ ላይ የአንዲት ወፍ ጫጩቶች ወስደው እናቲቱ ስትርገበገብ ነቢዩ አይተው «መልሱላት» አሉ ይባላል። ሁለቱም ስለ እናቲቱ ነው የሚያስቡት፣ ልብ በል።

የጉጉት ጫጩት ካገኘህም ሕጉ ያው ነው። ሟርተኛ ናት እያሉ በድንጋይ የሚወግሯትን አትስማ፤ ጎተራችንን የሚጨርሰውን አይጥ ሌሊቱን ሙሉ የምትለቅምልን እሷ ናት።

ይህን ለጓደኞችህ ንገራቸው፣ ለአባትህም ጭምር። በክረምትና በክረምቱ መውጫ ብዙ ወፍ ይፈለፍላል፤ እኛ ደግሞ ጽዱን የምንከረክመው፣ ባሕር ዛፉን የምንጥለው በዚያው ሰሞን ነው። ዋኖስ እንቁላል ከጣለች ጀምሮ ልጆቿ እስኪበሩ የሚፈጀው አንድ ወር ገደማ ነው። መጋዝና መጥረቢያ ከማንሳታችሁ በፊት ቅርንጫፉን እዩ፤ ጎጆ ካለበት ያን አንድ ወር ታገሡላት።