ሰዓትህን ከነመንገዱ ተናገር

ልጄ፣ 20 ኪሎ ሜትር በብስክሌት በ40 ደቂቃ መግባት ጥሩ ሰዓት ነው ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። ክሮኖ የጀመረ ወጣት ሁሉ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ክሮኖ ለብቻ ተነስቶ ከሰዓት ጋር ብቻ መታገል ስለሆነ፣ ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የሚነግርህ ተፎካካሪ አጠገብህ የለም።

ሳልሸፋፍን ልንገርህ። ማርሽ በሌለው ከባድ የቻይና ብስክሌት፣ በደልዳላ መንገድ፣ 48 ደቂቃ የሚገባ ጀማሪ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ሄዷልና አይናቅም። 40 ደቂቃ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ይህን ፍጥነት ሳያቋርጥ የያዘ ሰው ልምምድ እንዳለው ያስታውቃል። በቀጭን ጎማ የውድድር ብስክሌት 30 ደቂቃ የሚገባ አማተር ደግሞ የትም ቢሄድ ይከበራል። የእንግሊዝ የክለብ ብስክሌተኞች ከጥንት ጀምሮ የሚመኙትም ወደዚህ የቀረበ ነው፤ 25 ማይልን፣ ማለትም ከ40 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ ርቀትን፣ ከአንድ ሰዓት በታች መጨረስ። ከእነሱው መካከል አልፍ ኤንገርስ እ.ኤ.አ. በ1978 ያንን ርቀት በ49 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ጨርሶ፣ በአገሩ ከ50 ደቂቃ በታች የገባ የመጀመሪያው ሰው ሆኗል።

ቁጥሩ ይኸው። ነገር ግን ቁጥሩን ብቻውን አትመነው፤ መንገዱ ያልተነገረለት ሰዓት ምንም አይነግርህም።

ከቁልቁለቱ እንጀምር። ነገሌ ቦረና ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዶሎ ኦዶ ግን 200 ሜትር ገደማ ላይ። በፊልቱ በኩል ወደዚያ የሚወስደው መንገድ አልፎ አልፎ ሽቅብ ቢኖረውም በጠቅላላው መውረጃ ነው። በዚያ አቅጣጫ ብቻ ተነድቶ የተገኘ ሰዓት የቁልቁለቱ እንጂ የነጂው አይደለም። ስለዚህ ደርሶ መልስ ንዳ፤ ከተነሳህበት ድንጋይ ተመልሰህ ግባ። 20 ኪሎ ሜትር ከፈለግህ 10 ሄደህ 10 ትመለሳለህ።

ደርሶ መልስ ግን ነፋሱን አያጣፋልህም። ብዙ ልጆች "ስሄድ ቢገፋኝ ስመለስ ይክሰኛል" ይላሉ። ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ነፋስ በሌለበት በሰዓት 30 ትሄዳለህ እንበል፤ 40 ደቂቃ ትገባለህ። አሁን ነፋሱ ስትሄድ ወደ 24 ቢያወርድህ፣ ስትመለስ ወደ 36 ቢያወጣህ፣ የመጀመሪያው 10 ኪሎ ሜትር 25 ደቂቃ፣ ሁለተኛው 16 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይፈጃል። ድምሩ 41 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ነው። ጉልበትህ ሳይቀንስ ነፋሱ 100 ሴኮንድ ወሰደብህ፤ ምክንያቱም ከፊት በሚገፋህ ነፋስ ውስጥ የምትቆየው ከሚያግዝህ ይልቅ ለረዥም ጊዜ ነው። ፀሐይ በርትታ ነፋሱ ሳይነሳ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጀምር የምልህ ለዚህ ነው።

ከፍታውም የራሱ ጣጣ አለው። ከፍ ባለ አገር አየሩ ስስ ስለሆነ ብስክሌቱን ብዙም አይዝም፤ በሌላ በኩል ትንፋሽ ያሳጥራል። ቤልጅጋዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰኑን ለመስበር ከ2,200 ሜትር በላይ ወዳለችው ሜክሲኮ ሲቲ የሄደው ስሱን አየር ፈልጎ ነው፤ 49.431 ኪሎ ሜትር ነዳ። ጣሊያናዊው ፊሊፖ ጋና ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ዝቅ ባለችው የስዊዘርላንድ ከተማ ግሬንሽን 56.792 ኪሎ ሜትር ሄዷል። በመካከሉ ብስክሌቱ፣ ልብሱ፣ አቀማመጡ ሁሉ ተለውጧል። የሁለቱን ቁጥር ዝም ብሎ ማነጻጸር እንደማይቻል ሁሉ፣ የነገሌና የዶሎ ኦዶ ልጆችም ደቂቃ ቆጥረው መከራከር የለባቸውም።

አሁን ወደ አነዳዱ ልግባ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ከዋዜማው ጎሚስታ ጋ ሂድና ጎማህን አስነፋ፤ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባ፣ ፍሬኑን ፈትሽ። ጎማውን በእጅህ እያሽከረከርህ በጣትህ ዳስሰው፤ የእኛ አገር የግራር እሾህ ላስቲኩ ውስጥ ተደብቆ ያድርና እኩለ መንገድ ላይ ያስተነፍስሃል። ትርፍ ካላማዳሪም አትርሳ።

ስትነሳ እግርህ ትኩስ ስለሆነ ሁሉም ነገር ይቀልሃል፤ አደጋው ያለው እዚያው ነው። የመጀመሪያውን 3 ኪሎ ሜትር "ይህ እኮ ይቀላል" እያልህ ራስህን ይዘህ ንዳ፤ እስከ መዞሪያው አንድ ዓይነት ጉልበት ጠብቅ፤ የቀረህን በመጨረሻው 5 ኪሎ ሜትር አውጣው። መዞሪያው ላይ ሰዓትህን እይ። ነፋስ በሌለበት ደልዳላ መንገድ ሁለቱ ግማሾች መቀራረብ አለባቸው። የመልሱ በ2 ወይም በ3 ደቂቃ ከዘገየ ጉልበትህን ቀድመህ ጨርሰሃል ማለት ነው። ሽቅብና ነፋስ ሲገጥምህ ትንሽ ጨመር፣ ቁልቁልና ነፋስ ከኋላ ሲመጣ ትንሽ ቀነስ ማድረግ ደግሞ ያተርፋል።

የአየሩን ብርታትም እወቀው። ከ30 ወደ 33 ኪሎ ሜትር ፍጥነትህን በ10 በመቶ ስትጨምር፣ አየሩን ለመሰንጠቅ የሚያስፈልግህ ጉልበት በ33 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ከ40 ደቂቃ ወደ 36 ደቂቃ ከ22 ሴኮንድ ገደማ መውረድ እንዲህ ውድ ነው፤ ሰዓትህ በሴኮንድ ብቻ ቢሻሻል ተስፋ አትቁረጥ። ሳትደክም የምታገኘው ትርፍ አቀማመጥህ ላይ ነው፦ ደረትህን ዝቅ፣ ክርንህን ሰብሰብ አድርግ፤ የሚንቀለቀል ጃኬት አትልበስ። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካዊው ግሬግ ሌመንድ በቱር ደ ፍራንስ የመጨረሻ ቀን 50 ሴኮንድ ተበልጦ ተነሳ። ክንዱን ወደፊት ዘርግቶ በሚያሳርፍበት አዲስ መሪ 24.5 ኪሎ ሜትር ነድቶ፣ ውድድሩን በ8 ሴኮንድ ብልጫ አሸነፈ።

አሁን ከሁሉ አብልጬ የምነግርህን ስማ። ከብት ወይም ግመል መንገድ ሲያቋርጥ ቁም። ሰዓቱ ይበላሽ። ወደ ውሃ የሚነዳን መንጋ በትኖ የተገኘ ደቂቃ ጥሩ ሰዓት አይደለም። ክሮኖ ራሱ የተወለደው ለመንገዱ ባለቤቶች ከመጠንቀቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ እንግሊዝ ውስጥ በጅምላ የሚሽቀዳደሙ ብስክሌተኞች ፈረስ እያስበረገጉ ከፖሊስ ጋር ስለተጣሉ፣ ፍሬድሪክ ቢድሌክ እ.ኤ.አ. በ1895 እያንዳንዱን ለብቻው፣ በየተራ፣ በማለዳ ማስነሳት ጀመረ። ልብሳቸውም ዓይን እንዳይስብ ጥቁር ነበር። ወደ ሞያሌ የሚወስደው አስፋልት የከባድ መኪና መንገድ መሆኑንም አትዘንጋ፤ የትራፊክ ፖሊስ ሳያውቅ ውድድር አታድርጉበት። ውሃም ያዝ። በዚህ አገር ውሃ ቀልድ አይደለም።

ትልልቆቹን ለመማሪያ እያቸው። ገረመው ደንቦባና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1956 ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ ለኢትዮጵያ ነድተዋል። ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2025 ኪጋሊ ላይ ሬምኮ ኤቨንፑል 40.6 ኪሎ ሜትር ዳገት የበዛበትን ክሮኖ ከ50 ደቂቃ በታች ሲገባ ዓለም አይቷል። ያ ግን የእሱ መንገድ፣ የእሱ ብስክሌትና የእሱ ሥራ ነው።

አንተ ደብተር ግዛ። ቀኑን፣ የተነሳህበትን ሰዓት፣ ነፋሱን፣ ብስክሌቱን፣ የመሄጃውንና የመመለሻውን ደቂቃ ለይተህ ጻፍ። በወር አንዴ በዚያው መንገድ ሞክር፤ ካለፈው ወር በተመሳሳይ ሁኔታ የተሻለው እሱ ያንተ ጥሩ ሰዓት ነው። ከጓደኛህ ማን ይበልጣል የሚለውን ግን በወሬ አትፍቱት። በአንድ ጠዋት፣ በአንድ መንገድ፣ በአንድ ደቂቃ ልዩነት ተነሱ። ነፋሱም ዳገቱም ለሁላችሁም አንድ ነው፤ ክርክሩ እዚያው ያልቃል።