የሥዕል ተማሪን ማን ያርመዋል?

አንድ ወጣት በእርሳስ የነደፈውን ሥዕል ይዞ ወደ ዐዋቂ ሰው ሲቀርብ በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት መልሶች አንዱን ያገኛል። አንደኛው «ጎበዝ፣ በርታ!» የሚል ነው። ሁለተኛው «ይህ ምን ይረባሃል? ትምህርትህን ያዝ!» የሚል ነው። እነዚህ መልሶች በመልካቸው የሚቃረኑ ይምሰሉ እንጂ በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ሁለቱም ወረቀቱ በወጉ ሳይታይ የሚሰጡ መሆናቸው ነው። ወጣቱ ክንዱ የረዘመበትን ሰውና እግሩ መሬት ያልረገጠለትን በሬ እንደ ያዘ ወደ ቤቱ ይመለሳል። በማግሥቱም ክንዱ እንደ ረዘመ፣ በሬውም እንደ ተንሳፈፈ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩ ከሥዕል ትምህርት አልፎ የግብረ ገብ ጥያቄ ይሆናል። ስሕተቱን ያየ ሰው ለተማሪው የመንገር ግዴታ አለበትን? ወይስ ሂስ መስጠት ተመልካቹ ደስ ሲለው የሚያደርገው ቸርነት ነው? ይህ ጸሐፊ ሂስ ዕዳ ነው ባይ ነው። ማየት የተማረ ሰው ይህን ችሎታ ያገኘው ሌሎች ስላሳዩት ነውና፣ ገና ማየት ለሚማረው ሊመልሰው ይገባል። ዕዳ ከሆነ ደግሞ አከፋፈሉ ሥርዐት ይኖረዋል። ይህን ሥርዐት ለመፈለግ ባሕር መሻገር አያሻም። ከጉና ተራራ በስተ ምሥራቅና በስተ ደቡብ የተዘረጋው የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ምድር ስሕተትን ማረም ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ ለብዙ ዘመን የኖረበት አገር ነው።

በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ መሆኗ የታወቀ ነው። የቤተልሔምን የዜማ ስልት በሌላ አውራጃ የተማረ ሰው፣ ወንበር ዘርግቶ ለማስተማር ሲያስብ፣ እንደ ደንቡ ወደዚያ ሄዶ ትምህርቱን በመምህሩ ፊት እንደገና ይዘልቃል፣ ያስመሰክራል። ዙር አምባም ለዝማሬና ለመዋሥዕት እንዲሁ ናት። በዚህ ትምህርት ውስጥ ለሠዓሊ የሚጠቅመው ነገር የእርማቱ ቋንቋ ነው። በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ደነገጓቸው የሚነገርላቸው የዜማ ምልክቶች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ ይዘት፣ ደረት፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ርክርክ፣ ሂደት፣ ቁርጥ ይባላሉ። ስለዚህ ተማሪው ሲስት መምህሩ «ዜማህ አያምርም» ብሎ አያልፈውም። ከዚህ ቃል ላይ ርክርኩን ዘለልኸው፣ ከዚያኛው ላይ ቁርጡን አስረዘምኸው ሊለው ይችላል። ተማሪውም የሳተበትን ስፍራ በጣቱ ሊያመለክት ይችላል።

በሥዕል ትምህርትም እንዲህ ያለ ቋንቋ አለ። «ፊቱ ሰውየውን አይመስልም» የሚለው አስተያየት እውነት ሊሆን ይችላል፤ ለተማሪው ግን የሚይዘው ጫፍ አይሰጠውም። የሰው ዐይን ከአናት እስከ አገጭ ባለው ርዝመት እኩሌታ ላይ ይገኛል፤ ጀማሪ ሁሉ ማለት ይቻላል ወደ ላይ ያወጣዋል፤ በዚህም ምክንያት ግንባሩ ያጥርና ፊቱ የሌላ ሰው ፊት ይሆናል። «ዐይኑ ከእኩሌታው በላይ ወጥቷል፣ በክር ለካው» የተባለ ተማሪ ወዲያውኑ ሥራ አገኘ ማለት ነው። ክሩንም፣ ሥዕሉንም፣ የራሱንም ፊት በመስተዋት አስተያይቶ መምህሩ እውነት መናገሩን ራሱ ሊያረጋግጥ ይችላል። በምጣኔ፣ በብርሃንና ጥላ፣ በርቀት፣ በቅንብር ረገድም ነገሩ ከዚህ አይለይም።

እዚሁ ላይ ግን አንድ ተቃውሞ ይነሣል። ድጓ አስቀድሞ የተሰጠ ነው፤ ተማሪው ከእርሱ በፊት የነበረውን ሳያጎድል እንዲያደርስ ይጠበቅበታል። የሥዕል ተማሪ ደግሞ ገና ያልነበረውን ነገር ሊያወጣ ይሻል። ታዲያ ያልነበረን ነገር በምን ለክቶ ማረም ይቻላል? ተቃውሞው ብርቱ ነው፤ መልሱ ከቅኔ ቤት ይገኛል።

ከጋይንት ጋር በምትጎራበተው በዋድላም ሆነ ከዓባይ ማዶ በጎንጅና በዋሸራ ስም በሚጠሩት የቅኔ ቤቶች፣ ተማሪ በየቀኑ አዲስ ነገር ማምጣት አለበት። የትናንቱን ቢደግም ወይም የጓደኛውን ቢወስድ አይመሰገንም። ቀን ከሰው ተለይቶ ከዛፍ ጥላ ሥር ወይም ከገደል አፋፍ ተቀምጦ ይቆጥራል፤ በነገራ ሰዓት ደግሞ ለየኔታ ይነግራል። እርማቱ የሚጀምረው ምሥጢሩን ከመያዝ ነው። ሰሙ ምንድን ነው? ወርቁስ ወዴት አለ? ልጁ ሊል የፈለገው ካልታወቀ፣ ቃሉ ቢቃና ሌላ ሰው የተናገረው ቅኔ ይሆናል። የሚታረመውም እንደ ደረጃው ነው። ጀማሪው የሚቆጥረው ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ስለሆነ ጉድለቱ ቢበዛ እንኳ በሁለት ቤት ውስጥ ያለ ነው። እየበረታ ሄዶ ስምንት ቤት ወዳለው መወድስ ይደርሳል። ነገም ነገራ አለ፤ የዛሬው ነቀፋ የነገውን ቅኔ ይጠብቃል እንጂ የልጁን ዕድል አይዘጋም።

ይህን ማለት የየኔታን ቤት ኑሮ ማሳመር አይደለም። ቁራሽ ለምኖ ማደር፣ ከውሻ ጋር መታገል፣ አንዳንዴም አለንጋ ነበረበት። ፍርሃት መስመርን ያንቀጠቅጣልና፣ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሠዓሊ ሊወርሰው የሚገባው የነገራውን ሥርዐት ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። በእስቴ የምትገኘው ቆማ ፋሲለደስ በስሟ የሚጠራ የራሷ የዜማ ስልት አላት። የቆማን ስልት የያዘ ሰው በቤተልሔም ምልክት ቢመዘን ስሕተተኛ ይመስላል፤ ሆኖም ስሕተተኛ አይደለም። አራሚው አስቀድሞ ተማሪው በየትኛው መንገድ ላይ እንዳለ ማወቅ ይገባዋል ማለት ነው። ይህ በሥዕል ታሪካችን ውስጥ ብዙ ክርክር ያስነሣ ጉዳይ ነው። አለ ፈለገ ሰላም ከቤተ ክርስቲያን ሠዓሊያን ቤተሰብ ተወልዶ፣ በአሜሪካ በቺካጎ ተምሮ ከተመለሰ በኋላ በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትን ሲመሠርት፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት መመዘኛዎች ተገናኙ። ገብረ ክርስቶስ ደስታ ከጀርመን ከኮሎኝ ተመልሶ ረቂቅ ሥዕሎቹን ለሕዝብ ባሳየ ጊዜ ደግሞ ሦስተኛው መጣ። ተመልካቹ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቁ አያስነቅፈውም። የሚያሳዝነው፣ ብዙው ሰው ጥያቄውን እንደ ፍርድ ተናግሮ መልሱን ሳይሰማ መሄዱ ነው።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ደግሞ ሂስ የሚለው ቃል ራሱ ሌላ ዕጣ ገጠመው። ሂስና ግለሂስ የስብሰባ ሥርዐት ሆነ፤ በየአዳራሹ ሰው ተነሥቶ ይከሰሳል፣ ራሱንም ይከሳል። ሥራው ተረስቶ ሠሪው ይመዘን ነበር። ሥዕልም ሲቀርብ እንዴት ተሠራ ከመባሉ በፊት ማንን ያገለግላል ይባል ነበር። ጥያቄው ፈጽሞ ከንቱ ነው አይባልም፤ ነገር ግን እጁን ገና ለሚያቀና ተማሪ መስመሩ ስለ ሳተበት ምክንያት አንዳች አይነግረውም። በዕድሜ የገፉ የኪነ ጥበብ ሰዎች ሂስ የሚለውን ቃል ሲሰሙ እስከ ዛሬ ደንገጥ ማለታቸው ከዚህ የመጣ ሳይሆን አይቀርም። ከዚህም የዕዳው ወሰን ይታወቃል። አራሚው ያየውን ጉድለት መናገር አለበት። «አንተ ሠዓሊ አትሆንም» ማለት ግን ካላየው ነገር ላይ መፍረድ ነው፤ «ታላቅ ሠዓሊ ትሆናለህ» ማለትም እንዲሁ።

ከስብሰባው ጭካኔ ይልቅ በገጠር ከተሞቻችን ተማሪውን የሚጎዳው ግን ይሉኝታ ነው። ይሉኝታ በጎ ጠባይ መሆኑ አይካድም፤ ጎረቤትን ከጎረቤት ያኖራል። በሥዕል ፊት ሲቆም ግን ነገሩ ይለወጣል። «ልጁን እንዳላስከፋው» ብሎ ዝም የሚለው ሰው፣ ነገሩ በደንብ ሲመረመር፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያድነው ራሱን ነው፤ ከልጁ ቅሬታ፣ ከእናቱም ፊት ያመልጣል። ልጁ በምስጋና ተከብቦ ያድጋል። አንድ ቀን እናቱ በግ ሸጣ መሳፈሪያ ትሰጠውና ለሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አዲስ አበባ ይገባል። ዐይን ከፊት እኩሌታ ላይ እንደሚውል ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሰማው እዚያ ይሆናል፤ ያውም ከወደቀ በኋላ። ዓመታቱን ማን ይመልስለታል?

ይሁንና እውነትን መናገር ማለት ያዩትን ጉድለት ሁሉ መዘርገፍ አይደለም። ለምሳሌ ያህል፣ አንዲት የነፋስ መውጫ የሰባተኛ ክፍል ተማሪ እናቷ እንጀራ ስትጋግር ነደፈች እንበል። የእናትየዋ እጅ ከፊቷ ይበልጣል፤ ምጣዱም ሙሉ ክብ ሆኗል። የቸኮለ መምህር «እጁ ተልቋል፣ ምጣዱም ተበላሽቷል» ብሎ ይጽፍባታል። የየኔታን ሥርዐት የሚከተል መምህር ግን አስቀድሞ ይጠይቃታል።

«ምን ልታሳዪን ነው ልጄ?»

«የእማዬን እጅ ነው፤ እሳቱ የለበለበውን።»

እንግዲህ የእጁ መተለቅ ወርቁ ሆኖ ተገኘ፤ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም። ምናልባት የሚታረመው አንጓው ነው፤ ከክንዱ ጋር አልተጋጠመም፤ እጁም ለብቻው የተንጠለጠለ መስሏል። ምጣዱን በሚመለከት ደግሞ «አንቺ የት ቆመሽ ነው ያየሽው?» መባል አለባት። እናቷ ከጎን ስትታይ ምጣዱ ከላይ ይታያል። በርቀት ስሌት ሕግ ከሄደች ክቡ መጥበብ ይኖርበታል። የቤተ ክርስቲያን ሥዕልን ልማድ ከተከተለች ግን ማዕዱ ከላይ፣ ተቀማጮቹ ከፊት መታየታቸው የታወቀ ነውና ምጣዱ እንዳለ ሊቆይ ይችላል። ቆማና ቤተልሔም እንደገና መጡ። መንገዱን የምትመርጠው ልጅቱ ናት፤ ሁለት መንገድ መኖሩን የመንገር ዕዳ የመምህሩ ነው።

ለመሆኑ አራሚው ራሱ ሠዓሊ መሆን አለበትን? ስለ ጥንቱ የግሪክ ሠዓሊ ስለ አፔሌስ የሚነገር አንድ ወሬ አለ። ሥዕሉን አደባባይ አውጥቶ ከበስተኋላው ተደብቆ አላፊ አግዳሚው የሚለውን ያዳምጥ ነበር። አንድ ጫማ ሰፊ የጫማውን ጉድለት ቢነቅፍ አፔሌስ አረመው። በማግሥቱ ያው ሰው ወደ ባት ወጥቶ ቢነቅፍ ግን፣ ከጫማህ አትለፍ ብሎ ገሠጸው። ወሬው ሁልጊዜ የሚጠቀሰው ጫማ ሰፊውን ለመንቀፍ ነው። ለዚህ ጸሐፊ ግን የሚደንቀው የመጀመሪያው ቀን ነው፤ ስመ ጥሩው ሠዓሊ ብሩሹን አንሥቶ የጫማ ሰፊውን ቃል ፈጸመ። የስማዳ ገበሬም የተነደፈ ጥማድ ቢያይ «ልጄ፣ ሞፈሩ ከቀንበሩ መካከል አልደረሰም፣ ምራንም የለው፤ እነዚህ በሬዎች ምኑን ሊስቡት ነው?» ይላል። እንዲህ ያለውን ሂስ የትኛውም የሥነ ጥበብ መምህር ሊሰጥ አይችልም። ስለ ድግርና ስለ ዕርፍ የሚያውቅ ሰው ባለበት አገር ተማሪው አራሚ አጣሁ ማለቱ አያስኬድም። ገበሬው ወደ ቀለሙ ቢያልፍስ? እርሱንም መስማት ነው፤ ሰምቶ መመዘን የተማሪው ድርሻ ነው።

በገጠር ትምህርት ቤቶች፣ ቀድሞ ሥነ ውበት ይባል የነበረውን ዛሬም ክወናና እይታ ጥበባት የሚባለውን ትምህርት የሚያስተምሩት ብዙዎቹ በሌላ ሙያ የሠለጠኑ መምህራን ናቸው። ይህ ሰበብ እንዳይሆን ያስፈራል። ሠዓሊ ያልሆነ መምህር ከሕፃናቱ ጋር ተቀምጦ አንዲቱን ጀበና አብሮ ሊነድፍ ይችላል። የእርሱም ጀበና አንገቷ ይጣመማል፤ ለምን እንደ ተጣመመ ከተማሪዎቹ ጋር መፈለግ የእርማት መጀመሪያ ነው። ከአሥር ስድስት ብሎ በቀይ ቀለም ከመጻፍ ይህ ይሻላል።

ከባዱ ነገር የነገው ነገራ ነው። ዛሬ ያረመ ሰው ነገ የሚቀጥለውን ወረቀት ካላየ ዕዳው እኩሌታው ብቻ ተከፈለ። መምህራን ከስማዳ ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ ሌላ ይዛወራሉ። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ከተነሣው ጦርነት ወዲህ ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ መምህርና ተማሪም ተለያይተዋል። ስለዚህ ተማሪው ሥዕሎቹን የቀደሙትንም የተበላሹትንም ሳይጥል፣ በእያንዳንዱ ጀርባ ቀኑንና የተባለውን እርማት በአንድ መስመር ጽፎ ቢያኖር፣ ቀጥሎ የሚመጣው አራሚ፣ መምህርም ይሁን ገበሬ፣ የቀደመው ካቆመበት ስፍራ ሊነሣ ይችላል።