ራስን ስለ መመርመር

እግዚአብሔር የሸሸውን ሰው ሲፈልግ ብዙ ጊዜ በጥያቄ እንደ ጀመረ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያነብ ሁሉ ያውቃል። አዳም ከዛፎች መካከል በተሸሸገ ጊዜ ወዴት እንዳለ ጠየቀው፤ ቃየልንም ወንድሙ ወዴት እንደ ሆነ ጠየቀው፤ ኤልያስም ከኤልዛቤል ሸሽቶ በኮሬብ ዋሻ ባደረ ጊዜ በዚያ ምን እንደሚያደርግ ሁለት ጊዜ ጠየቀው። ይህም ጠያቂው የማያውቀው ነገር ስለ ነበረ አይደለም፤ ተጠያቂው ራሱን እንዲያይ ነው እንጂ።

ሐዋርያው ጳውሎስም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክቱ፥ በ13ኛው ምዕራፍ፥ ሰዎቹ ራሳቸውን እንዲመረምሩ አዘዛቸው። ልብ አድርጉ፤ እነርሱ በዚያ ወራት ይመረምሩ የነበሩት ጳውሎስን ነበር፤ ክርስቶስ በእርሱ አድሮ ለመናገሩ ማስረጃ ይሹ ነበርና። እኛም እንዲሁ ነን፤ በሌላው ላይ ዳኞች ነን፥ ወደ ራሳችን ስንመለስ ግን ጠበቃ እንሆናለን።

ማታ ማታ ከመተኛቱ በፊት ራሱን የሚጠይቅ ሰው አይታጣም። ነገር ግን «ዛሬ በድያለሁን?» ብሎ በጅምላ የጠየቀ በጅምላ ይመለስለታል፤ «እንደ ሰው ሁሉ ጥቂት በድያለሁ» ይልና እንቅልፉን ይተኛል። ባለ ሱቅ እንኳ «ዛሬ ደኅና ሸጫለሁ» ብሎ ብቻ በሩን አይዘጋም፤ ገንዘቡን ይቈጥራል፥ የዱቤውን መዝገብ ያያል። ስለዚህ ጥያቄያችን የቀኑን ሥራ በስሙ የሚጠራ ይሁን። ዛሬ ለማን ምን ተናገርሁ? የተናገርሁትን በዐይኔ አይቻለሁን ወይስ ሰምቼ ነው? የማን ዋጋ በእኔ ዘንድ አደረ? ደግሞ የንጉሥ ዳዊትን ነገር አስቡ። ነቢዩ ናታን ስለ ድኻውና ስለ አንዲቱ በግ በነገረው ጊዜ፥ ነገሩ የሌላ ሰው መስሎት ስለ ነበረ፥ ሳያወላውል በቅን ፈረደ። እናንተም የገዛ ሥራችሁን ጎረቤት የሠራው አድርጋችሁ ለራሳችሁ ንገሩ፤ ፍርዱም ምን ያህል እንደሚፈጥን ታያላችሁ።

እኔ ይህን የተማርሁት ዘግይቼ ነው። በገበያ ቀን ትንንሽ መጻሕፍት ስሸጥ ሣጥኑን የሚሸከምልኝ አንድ ብላቴና ነበረ። አንድ ማታ ሒሳቡን ባየሁ ጊዜ 3 ብር ጎደለብኝ። ብላቴናውን በሰው ፊት ሌባ አልሁት፤ አንድ ቃል ሳይመልስ ሄደ። ያን ሌሊት ተንበርክኬ ራሴን መረመርሁ፤ ጥያቄዬም «ይህን ልጅ ስለ ምን አመንሁት?» የሚል ነበር። ይህ ራስን መመርመር መስሎኝ ነበር! ጥያቄው በእኔ ስም ተጀመረ እንጂ ተከሳሹ ያው ብላቴናው ነበረ።

በሦስተኛው ሳምንት አንድ ነጋዴ በመንገድ አገኘኝና «መምህር፥ ያን ቀን በዱቤ የሰጡኝ የመጻሕፍት ዋጋ ይኸው» ብሎ 3 ብር በእጄ አኖረ። እኔው ሰጥቼ እኔው ረስቼው ኖሮአል።

ወደ ብላቴናው ቤት ለመሄድ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። በሰው እጅ ጥቂት ገንዘብ ብልክለት አይበቃምን? መምህር በልጅ ፊት ቢዋረድ ትምህርቱ አይናቅምን? እያልሁ ከራሴ ጋር ተሟገትሁ። እነዚህም ጥያቄዎች ናቸው፤ ሰው እውነቱን ካወቀ በኋላ ቀን ለመግዛት የሚጠይቃቸው ናቸው። በአራተኛው ቀን ሄድሁ። እናቱ በሩን ከፍተው አዩኝ፤ «ይግቡ» ግን አላሉኝም። ሌባ ያልሁት በአደባባይ ነበርና ጎረቤቶች ባሉበት በደጅ ቆሜ ይቅርታ ለመንሁት።

ብላቴናው መሬት መሬት እያየ ቆየና እንዲህ አለኝ፤ «መምህር፥ ነጋዴው መጻሕፍቱን ሲወስድ አይቼ ነበር። ያን ጊዜ እኔን ስለ ምን አልጠየቁኝም?»