ሰፌዱና «ቻይው»

ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የሀብሩ ወረዳ ከተማ መርሳ አለች። ባለፈው ክረምት እዚያ በአንድ ቤት፣ በ21 ለእመቤታችን ማኅበር የሚሆን ስንዴ እንለቅም ነበር። የማኅበሩ ሙሴ እማሆይ ከጎኔ ተቀምጠው ሰፌዴን ይቆጣጠራሉ።

«ልጄ፣ ጠጠሯን አትለፊያት።»

«ለምን እማሆይ? ወፍጮው ይፈጨው የለም?»

«ተፈጭቶማ አሸዋ ይሆናል። ዳቦው ደጅ ለቆመው ነዳይም ይሰጣል፤ ለእሱ የዕለቱ ምግብ ያው ብቻ ሊሆን ይችላል።»

በዚያው ቀን ባሏ የደበደባት አንዲት ወጣት እያለቀሰች ገባች። እማሆይ እንባዋን ጠረጉላት፤ ቡና ሰጧት፤ ከዚያ «ቻይው» አሏት። ያው አንድ አፍ!

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው። ታላላቆቻችን በአገልግሎት በኩል የሚያስተምሩን ደግነትን ነው ወይስ መገዛትን?

በግቢያችን ሁለት ዓይነት መልስ እሰማለሁ። አንደኛው ወገን «ይህ ሁሉ ሴትን ከምድጃ ጋር ማሰሪያ ገመድ ነው» ይላል። ሌላው «የአባቶቻችን ሥርዓት ነውና አይነካ» ይላል፤ እዚህ ላይ እንኳ «የእናቶቻችን» አይልም።

የመጀመሪያው ወገን መቼም ስንዴ ለቅሞ አያውቅም። ማኅበር እኮ ጽዋ ማዞር ብቻ አይደለም፤ ማን እንደ ቀረች፣ ለምን እንደ ቀረች የሚታወቅበት ነው። ለወለደችው ገንፎ ይወሰድላታል። ተራዋ ደርሶ እጅ ያጠራት እንደሆነ፣ ዱቄቱ በማታ ከጓዳዋ ይገባል፤ ሲነጋ ደጋሿ እሷው ናት። በሀብሩ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ግድግዳ ተጋርተው ነው የሚኖሩት፤ ስለዚህ ልጅቱ የጎረቤቷን ረመዳን አስባ ቡናዋን የምታፈላበትን ሰዓት ጭምር ከታላቋ ትማራለች። ይህ ዕውቀት ካልሆነ፣ እኛ በክፍል የምንማረውን የሥነ ምግባር ፍልስፍና ምን ልንለው ነው?

ሁለተኛው ወገን ደግሞ መጽሐፍ ይጠቅሳል። እውነት ነው፤ ጳውሎስ ለቲቶ በጻፈው መልእክት ምዕራፍ 2 አሮጊቶች ወጣት ሴቶችን እንዲመክሩ ያዛል፤ ሚስቶች ለባሎቻቸው እንዲታዘዙም እዚያው ይናገራል። ነገር ግን ቤተ ክርስቲያናችን ወለተ ጴጥሮስንም ቅድስት ትላለች። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1592 የተወለደችው ይህች ሴት፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የካቶሊክን እምነት አልቀበልም ብላ፣ የንጉሡ ሹም የነበረውን ባሏን ትታ መነኮሰች። በጣና ዙሪያ ማኅበር መሠረተች። በ1642 ስታርፍ ማኅበሩን ተረክባ የመራችው ባልንጀራዋ እኅተ ክርስቶስ ናት። እርግጥ ባሏን የተወችው ስለ ሃይማኖቷ እንጂ ስለ ዱላ አልነበረም። ቢሆንም፣ የሚስት መታዘዝ ወሰን እንዳለው ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ታውቃለች ማለት ነው።

ታዲያ የሚወሰደውን ከሚተወው በምን እንለየው? «ለምን?» ብሎ በመጠየቅ ይመስለኛል። ደግነት ምክንያቱን ሲጠየቅ አይደነግጥም። እማሆይ ስለ ጠጠሯ ስጠይቃቸው መልሳቸው አልዘገየም። ልጅቱ ጋደም ካለች በኋላ፣ «ለምን ትቻለው?» ስላቸው ግን እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። ቆየት ብለው፣ «እኔንም ያኔ ቻይው አሉኝ። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገረኝ» አሉ።

አልፈረድኩባቸውም። ያልተሰጣቸውን ምክንያት ከየት ያምጡት? ነገር ግን ነገ እኔ ለታናሼ ሰፌዱን ሳቀብል፣ ያንንም ቃል አብሬ የማቀብልበት ግዴታ የለብኝም። ሰፌዱን ተቀብሎ ቃሉን መመለስ አሮጊቶቹን መናቅ አይደለም፤ ከእነሱ የተማርነውን ለቀማ በራሱ በትምህርታቸው ላይ መሥራት ነው።

ያን ምሽት ልጅቱ ወደ ባሏ ቤት አልተመለሰችም። እማሆይ አልጋቸውን ለቀውላት እሳቸው መደብ ላይ ተኙ። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።