በመጨረሻው ሰዓት ስለሚወድቅ ሠራተኛ

ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም ከአሜሪካ ከሚመጡት ልጆቻችን መካከል በዚያው ተወልደው ያደጉ አሉ። ከእነርሱም አንዳንዶቹ ቤዝቦል የሚባለውን የአገሩን ጨዋታ እጅግ ይወዳሉ፤ ስለሚወዱትም ይቈጡበታል። ቍጣቸውም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በአንድ ሰው ላይ ነው፤ ይኸውም በጨዋታው ፍጻሜ ተጠርቶ ገብቶ፥ ሊጠብቀው የተሰጠውን ድል በሚያስወስደው ተተኪ ወርዋሪ ላይ ነው። ነገሩ ተራ ጨዋታ ይመስላል፤ ጥያቄው ግን የሁላችንም ነው። የታመነበት ሰው በመጨረሻው ሰዓት ሲወድቅ ልንጠላው ይገባናልን?

አስቀድሞ የሥራውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር አለው። የጀመረው ወርዋሪ ክንዱ ሲዝል አሠልጣኙ እርሱን ያስወጣና ከሜዳው ዳር ክንዱን ሲያሟሙቅ የቆየውን ሌላ ሰው ያስገባል። ይህም ሰው 18 ሜትር ከ44 ሳንቲሜትር ርቆ ወደ ተቀመጠው ዒላማ ይወረውራል፤ ኳሷም ከግማሽ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ መቺው ዘንድ ትደርሳለች። ጣቱ ጥቂት ቢንሸራተት የጓደኞቹ የሰዓታት ድካም ከንቱ ይሆናል። በመጀመሪያው ዙር የሳተ ሰው ስሕተቱን የሚያርምበት ጊዜ አለው፤ በመጨረሻው ዙር ለሳተ ግን ጊዜ የለውም።

ከዚህም በላይ ብዙ ጊዜ የሚገባው፥ ፊተኛው ወርዋሪ ያሳለፋቸው ሯጮች በየማረፊያው ቆመው ሳሉ ነው። እነዚያ ሯጮች ቢያስቈጥሩ፥ የጨዋታው መዝገብ ነጥቡን የሚጽፈው ባሳለፋቸው በፊተኛው ስም ነው፤ በተተኪው ስም የሚጻፈው መሪነቱን ማስወሰዱ ነው። እንግዲህ መዝገቡ ጥፋትን ለየባለቤቱ ያከፋፍላል፤ የተመልካች ልብ ግን የሁሉን ጥፋት ሰብስቦ በመጨረሻ በቆመው ላይ ይጭናል። የወደቀ ግንድ ምሣር ይበዛበታል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1993 ዓ.ም. ሚች ዊልያምስ የሚባል ተተኪ ወርዋሪ ለፊላደልፊያ ቡድን 43 ድሎችን ጠብቆ ነበር። በዚያው ዓመት በፍጻሜው ውድድር መሪነቱን ባስወሰደ ጊዜ፥ እንገድልሃለን የሚል ዛቻ ደረሰው። ከሦስት ቀን በኋላ፥ በጥቅምት 23 ቀን፥ ቡድኑ 6 ለ5 ሲመራ ደግሞ ገባ፤ የቶሮንቶው ጆ ካርተር ግን ኳሷን ከአጥር አሻግሮ መታት፤ ውድድሩም በዚያው ተፈጸመ። ዊልያምስ ከጠያቂዎች አልሸሸም፤ በሌላ ሰው ላይም አላመካኘም። ሆኖም ዓመቱ ሳያልቅ ወደ ሌላ ከተማ ቡድን ተዛወረ። የፊላደልፊያ ትርጓሜ የወንድማማች ፍቅር መሆኑን ስናስብ፥ ነገሩ ያሳዝናል።

በዚያችው ከተማ በ2008 ዓ.ም. ብራድ ሊጅ የተባለው ወርዋሪ በመደበኛው ውድድር እንዲጠብቅ የተሰጡትን 41 ድሎች፥ አንዱን እንኳ ሳያስወስድ፥ ሁሉንም ጠበቀ፤ የፍጻሜውንም የመጨረሻ ኳስ የወረወረ እርሱ ነበር። ሕዝቡም በእልልታ አከበረው። በሚከተለው ዓመት ግን 11 ጊዜ መሪነት አስወሰደ፤ ያን ጊዜ ብዙዎች ጮኹበት። የ2008ቱና የ2009ኙ ክንድ የአንድ ሰው ክንድ አይደለምን? ሰውዬው ክፉ አልሆነም፤ ክንዱ ደከመ እንጂ። አሠልጣኙ ቻርሊ ማኑኤል ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ ኳሷን ደግሞ በእጁ ሰጠው፤ ቡድኑም እንደ ገና ለፍጻሜው ውድድር በቃ። በፍጻሜው እርሱም ቡድኑም ተሸነፉ፤ መታመኑ ግን ስሕተት ነበር ለማለት ይህ አይበቃም።

ምናልባት አንድ ሰው፦ ደመወዝ ተቀብሎ ሥራውን ያላደረሰ አይወቀስምን? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። ይወቀሳል። ሥራ ይመዘናል፤ የደከመ ይተካል፤ የወደደም ሲሸነፍ ያዝናል፥ ኀዘኑም ነውር የለበትም። ነገር ግን ሥራን መመዘን አንድ ነው፥ ሰውን መኰነን ሌላ ነው። ይህ ሥራ አልተከናወነም የሚል እውነት ይናገራል፤ ይህ ሰው ከንቱ ነው የሚል ግን የእግዚአብሔርን ወንበር ይሻማል።

በአስቄጥስ ገዳም የነበረው ኢትዮጵያዊው አባ ሙሴ ጸሊም፥ በበደለ ወንድም ላይ እንዲፈርድ በተጠራ ጊዜ፥ ቀዳዳ ያለበት ዕቃ ተሸክሞ መጣ፤ በዕቃው ውስጥ የነበረውም ከበስተኋላው ይፈስ ነበር። ምንድን ነው ቢሉት፥ የራሱ ኀጢአት ከኋላው እየፈሰሰ እርሱ ሳያየው በሌላው ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። እነርሱም ያን ወንድም ይቅር አሉት። ነቢዩ ሙሴም ከአማሌቅ ጋር በተደረገው ጦርነት እጁ በዛለ ጊዜ፥ አሮንና ሖር በግራና በቀኝ ደገፉት እንጂ፥ ስለ ምን ደከምህ ብለው አልጮኹበትም። እስራኤልም ያሸነፉት በተደገፈ ክንድ ነው።

በየቤታችንስ በመጨረሻው ሰዓት የሚቆም ሰው የለምን? ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ጎሕ ሲቀድ ዜማ የሚስት ዲያቆን አለ፤ እኅትና ወንድም ሁሉ ከሄዱ በኋላ የታመመች እናትን ብቻዋን አስታማ በመጨረሻው ሳምንት ትዕግሥቷ የሚያልቅ ልጅ አለች። እኛ የምናየው ያችን የስሕተት ሰዓት ነው፤ ከፊት የነበረውን ድካምና ሌሎች ትተውት የሄዱትን ሸክም አናይም።

እንግዲህ ወደ ጎልጎታ ስንወጣ ይህን እናስብ። በዚያ በቀኝ የተሰቀለው ወንበዴ ዕድሜውን በክፋት ጨርሶ ሳለ፥ ጌታ የመጨረሻዋን ሰዓት ለምሕረት ቈጠረለት። እኛ ግን ብዙ የደከመን ሰው በመጨረሻዋ ሰዓት ለኵነኔ እንቈጥርበታለን። ለራሳችን የምሕረቱን አቈጣጠር የምንለምን ከሆነ፥ ለደከመው ወንድማችንም በዚያው እንቍጠርለት፤ ስሙን ስናነሣም ከስድብ ይልቅ ጸሎት እናስቀድም።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።